ከሐርጌሳ ሲታዩ፦ ሩሲያውያንና አሜሪካውያን በአፍሪካ ቀንድ

በርበራ ያለው አሮጌው የመርከብ መቆሚያ የሁለት ተቀናቃኝ መንግሥታት ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሶቪየቶች ገንብተው በ1968 ጨረሱት፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አሜሪካውያን መጥተው አስረዘሙት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተዘረጋው፣ ርዝመቱ ከ4 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያም ታሪኩ ያው ነው፤ ሶቪየቶች ሠሩት፣ አሜሪካውያን ሊጠቀሙበት ተዋዋሉ። ዛሬ ከሐርጌሳ በመኪና ወደ ባሕሩ ወርዶ በርበራ የደረሰ መንገደኛ የትኛው ኮንክሪት የማን እንደሆነ ሊለይ አይችልም።

ስለ ሩሲያውያንና ስለ አሜሪካውያን ልዩነት ሲወራ የሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ በርሊን ነው፤ ካልሆነም ወደ ኩባ። የእኛ ቀጠና ግን ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገር አለው። ሁለቱም በየተራ ያንኑ ወደብ ይዘዋል፣ ያንኑ ጦር አስታጥቀዋል፣ ያንኑ ሕዝብ አስተምረዋል። በሐርጌሳና በበርበራ፣ በአዲስ አበባና በአስመራ፣ በባሕር ዳርና በዓለማያ በአንድ ዕድሜ ሁለቱንም በቅርብ ያዩ ሰዎች አሉ። ሞስኮና ዋሽንግተን እርስ በርስ ለመተዋወቅ ሳተላይት ሲያመጥቁና ሰላይ ሲያሰማሩ፣ ሁለቱንም አብሯቸው ሠርቶ፣ አብሯቸው በልቶ የሚያውቀውን የአፍሪካ ቀንድ ሰው ግን ስለ ሌላው የጠየቀው አልነበረም። ይህ ቅኝት የሚያየው ያንን ሳይጠየቅ የቀረ ዕውቀት ነው።

አመጣጣቸው ከመነሻው ለየቅል ነበር። አባቶቻችን መስኮብ ይሉት የነበረው ሩሲያዊ የመጣው በሃይማኖት በኩል ነው። በ1889 ኒኮላይ አሺኖቭ የሚባል ጀብደኛ መነኮሳትና ኮሳኮች አስከትሎ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሳጋሎ ላይ ሰፈረ፤ የኦርቶዶክስ ወንድሞቼ ዘንድ ልሄድ ነው ይል ነበር። ፈረንሳዮች በመድፍ ደብድበው አስወጡት። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞቻችንን አከሙ። በዚያው ዘመን በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ የሄዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መድፈኛነት ተምረው ተመለሱ፤ በኋላ የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ «ፋቡላ»ን የጻፉት እሳቸው ናቸው።

አሜሪካዊው በገበያ በኩል መጣ። የማርሴይ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር በ1903 አዲስ አበባ ደርሶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ዋናው ነገር የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ በእኛ ገበያ በብዛት መሸጡ ነበር፤ ዋሽንግተን ያንን ንግድ በወረቀት ልታጸናው ፈለገች።

ከዚህ አጀማመር ዛሬም ድረስ ያልጠፋ ነገር ያለ ይመስለኛል። ሩሲያዊው ግንኙነት ሲጀምር ዝምድና ይፈልጋል፤ ቀድሞ የሃይማኖት ወንድማማች ነበርን፣ በኋላ ጓድ ተባባልን። አሜሪካዊው ግንኙነት ሲጀምር ውል ይፈልጋል፤ ማን ምን ይሰጣል፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ብር። ዝምድና ይዘልቃል፣ ሲፈርስ ግን ቂም አለው። ውል ቂም የለውም፣ ቀኑ ሲያልፍ ግን ሁሉም ጓዙን ይጠቀልላል። ሶማሌ ሁለቱንም አብሮ ሲያስኬድ የኖረ ሕዝብ ነው። የአባት ዘር የሚያስተሳስረው አለ፤ ጎሳና ጎሳ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚዋዋሉት ሔር የሚባል ሕግም አለ። አንዱ ሲላላ ሌላው ይይዛል። የሐርጌሳ ሽማግሌ ሁለቱን ኃያላን ለመረዳት ቅርብ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ያለው ጊዜ የግንባታ ዘመን ነው። ኢትዮጵያ ከሁለቱም እጅ ተቀበለች። የአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ኩባንያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም አግዞ የመጀመሪያው በረራ በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ ተደረገ። ሶቪየቶች በደጃዝማች ባልቻ ስም የሚጠራውን ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። የኦክላሆማ መምህራን ሐረር አጠገብ ዓለማያ ላይ የእርሻ ኮሌጅ አቋቋሙ። አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን፣ በ1959 ሶቪየት ኅብረትን ጎበኙ፤ ከሞስኮ ጉብኝት በኋላ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያና በ1963 የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ መጡ። በ1953 ደግሞ አስመራ ላይ ያለው የቃኘው ጣቢያ ለ25 ዓመት ለአሜሪካውያን እንዲሆን ተፈረመ። ከዚያ ደጋ ላይ ሆነው የሶቪየትን የሬዲዮ ግንኙነት ያዳምጡ ነበር። እነዚያ ወጣት ወታደሮች የራሺያ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ይውላሉ፤ ባልቻ ሆስፒታል ከሚያክመው ሩሲያዊ ሐኪም ጋር ግን ሻይ የመጠጣት ዕድል አልነበራቸውም።

ሁለቱን ያየ ሰው ልዩነታቸውን በደንብ የሚያስታውሰው ከትምህርት ክፍል ነው። በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ገቡ፤ ሶማሊያም በዚያው ዓመት ተቀበለች። የሰላም ጓዱ አስተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ልጅ ነው። የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ተማሪውን በስሙ ይጠራል፣ «ካላመንከኝ ተከራከረኝ» ይላል፣ «አላውቅም» ማለትም አያሳፍረውም። መምህር ሲገባ ብድግ ብሎ ለሚቀበል፣ የትልቅ ሰው ዓይን ማየት ድፍረት ነው ተብሎ ላደገ ልጅ ይህ ትልቅ ግርታ ነበር። አንዱ ወደደው፤ ሌላው «ይሄ ሰውዬ በእርግጥ መምህር ነው?» ብሎ ተጠራጠረ። ቤት ተከራይቶ ከተማው መሐል ስለሚኖርና እንጀራ ስለሚበላ ግን ሠፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።

የሶቪየቱ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው በሰል ያለ፣ ሙያውን በእጁ የሠራ ሰው ነው። የመሐንዲስ ሥዕል ላይ መስመሯ ከወፈረች ወረቀቱን ይመልሳል፤ አሁንም ካልተስተካከለች እንደገና ይመልሳል። ክርክር አይጋብዝም፣ ምስጋናም አያበዛም። ከግቢው ውጭ ብዙ አይታይም፤ የሚኖረው ከአገሩ ሰዎች ጋር፣ የሚንቀሳቀሰውም ከእነሱ ጋር ነው፤ ከላይ የታዘዘው እንደዚያ ነው። ይሁንና አንዴ ቤቱ ከጋበዘህ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፣ የእናቱን ፎቶግራፍ ያወጣል፣ በጦርነቱ የሞተውን ወንድሙን ስም ይጠራል፣ ጽዋ እያነሳ ለጤናህና ለልጆችህ ይመርቃል። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያው ፊቱን ያልፈታ መምህር ነው።

ነገሩ የፊት መፍታትና ያለመፍታት ብቻ አይደለም። በሩሲያውያን ዘንድ ለማያውቁት ሰው ፈገግ ማለት ከልብ ያልሆነ ነገር ነው፤ ፈገግታ ለወዳጅ ይቀመጣል። በአሜሪካውያን ዘንድ ለማያውቁት ሰው አለመፈገግ ጥላቻን ማሳየት ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ አንደኛው «ምን ያስመስላል?» ይላል፤ ሌላኛው «ምን አደረግኩት?» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እኛስ? የእኛ ሰው፣ አማራም ይሁን ሶማሌ፣ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቆ ካልጨረሰ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ለእሱ ሁለቱም ችኩሎች ናቸው፤ አሜሪካዊው ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፣ ሩሲያዊው ከነጭራሹ አይጠይቅም። የሁለቱን መቸኮል እኩል የሚታዘብ ሰው ደግሞ አንዱን ለሌላው ሊያስረዳ ይችል ነበር።

የብሪታንያ ሶማሊላንድ ጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ወጥታ ጁላይ 1 ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች። አዲሲቱ ሪፐብሊክ ሠራዊት ፈለገች። ምዕራባውያን ለአነስተኛ ጦር የሚበቃ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕርዳታ አቀረቡ፤ ሶቪየቶች በ1963 ወደ 30 ሚሊዮን አቀረቡ። ሞቃዲሾ የሶቪየቱን ወሰደች። ከሰሜን የወጡት ሞሐመድ ኢብራሂም ኢጋል በ1967 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ወደ ምዕራብ ቢያዘነብሉም በኦክቶበር 1969 ጄኔራል ዚያድ ባሬ ሥልጣን ያዙ፤ ኢጋል ታሰሩ፣ የሰላም ጓድ መምህራን ብዙም ሳይቆዩ ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ የሐርጌሳ ጎበዝ ልጅ አብራሪ ወይም መኮንን ልሁን ካለ መንገዱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ነበር። እስከ 1976 ድረስ ወደ 2,400 የሚጠጉ የሶማሊያ ወታደሮች እዚያ ሠልጥነዋል። ከድንበሩ ወዲህ ደግሞ ከ1953 ጀምሮ ከ3,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ሄደው ሠለጠኑ።

በ1974 ሞስኮና ሞቃዲሾ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በ1975 የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ጄምስ ሽሌሲንገር በርበራ ላይ የሶቪየት የሚሳይል መጋዘን አለ ብለው ከአየር የተነሳ ፎቶግራፍ አሳዩ። ዚያድ ባሬ «መጥታችሁ እዩ» አሉ። ሴናተር ዲዊ ባርትሌት በጁላይ በርበራ ወርደው አዩ፤ መጋዘኑ አለ ብለውም ተመለሱ። አሜሪካውያን ስለ ሩሲያውያን በርበራ ላይ ያወቁት ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ የመጋዘኑ ስፋትና የማኮብኮቢያው ርዝመት። መጋዘኑን የሚጠብቀው ወጣት ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስብ፣ በበርበራ ሙቀት ምን ያህል እንደተማረረ የጠየቀ አልተሰማም። ወደቡ ላይ ሸክም የሚያወርደው ሶማሌ ግን ያውቅ ነበር።

ከዚያ 1977 መጣ። ሁለቱ ኃያላን ቦታ ተለዋወጡ፤ ያለዋወጣቸውም ሁለት ያለመግባባት ነው። አንደኛው የሩሲያ ወገን ነው። ፊደል ካስትሮ በማርች ዚያድ ባሬንና መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ኤደን ላይ አገናኝተው ሁለቱም ሶሻሊስት ስለሆኑ በፌዴሬሽን ይታረቁ ብለው ሞከሩ። ሞስኮም ዝምድናው የድንበሩን ጠብ ያሸንፋል ብላ አመነች። አላሸነፈም። ሁለተኛው የአሜሪካ ወገን ነው። በጁን ኬቨን ካሂል የተባሉ የዚያድ ባሬ አሜሪካዊ ሐኪም ከዋሽንግተን የቃል መልእክት ይዘው መጡ። ዚያድ ባሬ መልእክቱን እንደ ድጋፍ ቆጠሩት፤ የአሜሪካ መንግሥት ያላልኩትን ነው የሰማችሁ አለ። በጁላይ መጨረሻ ዋሽንግተን ለሶማሊያ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ አለች፤ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ውስጥ መግባቱ ሲጋለጥ ሐሳቧን ለወጠች። ለአሜሪካዊው ያልተፈረመ ነገር ውል አይደለም። ለሶማሌው ግን የአንድ የታመነ ሰው ቃል ራሱ ውል ነው።

በኢትዮጵያ በኩልም እንዲሁ ሆነ። የካርተር መንግሥት በፌብሩዋሪ በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ዕርዳታ ቀነሰ፤ በኤፕሪል መንግሥቱ ቃኘውንና ሌሎቹን የአሜሪካ ቢሮዎች ዘጉ። የ25 ዓመቱ ውል ሊያልቅ አንድ ዓመት ገደማ ቀርቶት ነበር፤ አሜሪካውያኑ ያን ያህል አላዘኑም። ሶማሊያ በኖቬምበር 13 የሶቪየት አማካሪዎችን በአንድ ሳምንት ውጡ ስትል ግን የሩሲያውያኑ ስሜት የተለየ ነበር። ወንድሙ የከዳው ሰው ስሜት ነው። ከዚያ ወር መጨረሻ ጀምሮ የሶቪየት አውሮፕላኖች ወደ ኢትዮጵያ ጎረፉ። ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ዘመቻውን መሩ፤ በሶማሊያ ያገለገሉ አማካሪዎች ወደ እኛ ተሻገሩ። ትናንት ያስተማሩትን ጦር ዛሬ ሊወጉ ተሰለፉ። ጅጅጋ በማርች 1978 ተመለሰች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1977 ክረምት ኦጋዴን ሰማይ ላይ አሜሪካ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ በኤፍ-5፣ ሶቪየት ኅብረት የሠለጠነ ሶማሌ በሚግ-21 ተፋለሙ። በዓለም ላይ የአሜሪካንና የሩሲያን የአየር ትምህርት እንዲህ ፊት ለፊት የፈተነ ጦርነት ጥቂት ነው፤ ፈታኞቹም ተፈታኞቹም የእኛ ልጆች ነበሩ። በርካታ ሚጎችን የጣሉት ለገሰ ተፈራ ራሳቸው ተመትተው ወድቀው ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስረዋል። ደብረ ዘይት ያሉት ቴክኒሻኖች ደግሞ በእንግሊዝኛ መመሪያ ያደጉ ነበሩ፤ በወራት ውስጥ የሩሲያውን ማሽን ከሩሲያዊ ጋር ፈተው መግጠም ነበረባቸው። አሜሪካዊው አሠልጣኝ ለእያንዳንዱ ሥራ መጽሐፍ ይሰጥሃል፤ ገጹን ተከተል ይልሃል። የሩሲያው ማሽን ግን መለዋወጫ በሌለበት፣ በብርድም በአቧራም እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አሠልጣኙም እጁን ዘይት ውስጥ ነክሮ ያሳይሃል። የሁለቱን አገሮች አስተሳሰብ በዚያ ጠባብ ዎርክሾፕ ውስጥ የተማረ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያኔ የገባው አልነበረም።

ዋሽንግተንና ሞስኮ ይህን ጦርነት ፈጽሞ በተለያየ መንገድ አዩት። የካርተር የጸጥታ አማካሪ ዝቢግኒው ብሬዝንስኪ በኋላ ሲጽፉ የኑክሌር መሣሪያ ገደቡ ስምምነት ኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀበረ ብለዋል። በዋሽንግተን የሶቪየት አምባሳደር የነበሩት አናቶሊ ዶብሪኒን ደግሞ በትዝታቸው እንደጻፉት፣ ሞስኮ የአፍሪካውን ጉዳይ ከትልቁ ግንኙነት ለይታ ነበር የምታየው፤ አሜሪካውያን ለምን እንደዚያ እንደተቆጡ በጊዜው አልተረዳችም። አንዱ ወገን «የወረራ ዕቅድ ነው» ሲል ሌላው «የተጠቃ ወዳጅ ረዳን» ይል ነበር። ይህን ያለመግባባት ተከትሎ የመጣው የ1980ዎቹ መጀመሪያ ውጥረት ዓለምን ሁሉ አስጨንቋል፤ መነሻው በከፊል ጅጅጋና ሐረር መሐል ያለው ሜዳ ነው።

በኦገስት 1980 አሜሪካና ሶማሊያ ተዋዋሉ፤ ሶቪየቶች የሠሩት የበርበራ ማኮብኮቢያ ለአሜሪካውያን ተከፈተ። በአዲስ አበባ በ1983 የሌኒን ሐውልት ቆመ። በ1984ቱ ረሀብ ግን ሁለቱ ሳይፈልጉትም ተገናኙ፤ የአሜሪካ ስንዴ ወደብ ላይ ሲራገፍ የሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች በዚያው አገር ሰማይ ይመላለሱ ነበር። በካምፕ ያለው ተረጂ ጆንያው ላይ ያለውን ጽሑፍና አውሮፕላኑ ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ አነጻጽሮ አላነበበም። የሚበላ ነው የፈለገው።

ከፖለቲካው ጎን ለጎን ጸጥ ብሎ የሄደ ሌላ መንገድም ነበር። የሰላም ጓድ ሆኖ ሶማሊያ የመጣው ጆን ዊልያም ጆንሰን የሶማሊኛን ዘመናዊ ግጥም አጠና፤ በዚህም ሙያ ፕሮፌሰር ሆነ። በሞስኮ ሬዲዮ የሶማሊኛ ክፍል የሠራው ጆርጂ ካፕቺትስ የሶማሌን ምሳሌያዊ አነጋገር ሰብስቦ አሳተመ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ በሶማሊኛ መጨዋወት ይችሉ ነበር። በእኛም በኩል የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1978 ቺካጎ፣ በ1986 ሞስኮ ላይ ተደርጓል። ሌኒንግራድ ሆኖ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የመረመረው ሴቪር ቼርኔትሶቭ ከምዕራባውያን ባልደረቦቹ ጋር በግዕዝ ብራና ዙሪያ ይወያይ ነበር። ስለ ሚሳይል መነጋገር ያቃታቸው ሁለት አገሮች ልጆች ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰላም ተከራከሩ። ይህን መንገድ የረገጡት ጥቂቶች ብቻ መሆናቸው ያሳዝነኛል።

ወደ ሐርጌሳ እንመለስ፤ የሁለቱ ኃያላን ሒሳብ እጅግ የመረረው እዚህ ነው። በኤፕሪል 1988 መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ታረቁ፤ አንዳቸው የሌላውን ተቃዋሚ ላይረዱ ተስማሙ። የጦር እስረኞችም ተለቀቁ፤ ለገሰ ተፈራ ያኔ ነው የወጡት። በኢትዮጵያ ምድር ይንቀሳቀስ የነበረው የዚያድ ባሬ ተቃዋሚ፣ የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ግን መጠጊያ ሊያጣ ሆነ። በሜይ 27 ቡርዖን፣ በሜይ 31 ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መንግሥት በመድፍና በአውሮፕላን መለሰ። አውሮፕላኖቹ የሚነሱት ከሐርጌሳው አየር ማረፊያ ራሱ ነው፤ ተነስተው፣ እዚያው አጠገብ ያለውን ከተማ ደብድበው፣ እዚያው ያርፉ ነበር። አብዛኛው ከተማ ፈረሰ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ጅጅጋ አጠገብ ሃርትሼክ ላይ ሰፈረ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሶማሊያ ጦር የያዛት ያችው ምድር አሁን ሶማሌውን አስጠለለችው።

አውሮፕላኖቹ መሐል የሶቪየት ሚጎች ነበሩ። በዚያው ጁን በርበራ ላይ ለዚያድ ባሬ ጦር ኤም-16 ጠመንጃና ጥይት የጫነ የአሜሪካ ዕርዳታ ተራገፈ። ሞስኮ ድሮ የሰጠችውና ዋሽንግተን አሁን የሰጠችው በአንድ ከተማ ሕዝብ ላይ ተገናኙ። አሜሪካዊው ሮበርት ጌርሶኒ ለአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1989 ባቀረበው ጥናት ስደተኞቹን ራሳቸውን ጠይቆ፣ ቢያንስ 5,000 ያልታጠቁ ሰዎች መገደላቸውን ገመተ። ከዚያ በኋላ ዕርዳታው ነጠፈ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሁለቱ ኃያላን የአንዱ መልእክተኛ ተራውን ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ሲጠይቅ ካየሁባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው፤ የአሜሪካን መንግሥት አቋም ለመለወጥም ረዳ።

ዛሬ ሐርጌሳ መሐል አደባባይ ላይ አንድ ሚግ-17 በግንብ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ከሥሩ ያሉት ሥዕሎች የሞቱትን፣ የቆሰሉትን፣ የተሰደዱትን ያሳያሉ። ዙሪያውን የሽልንግ እስር ከምረው የሚመነዝሩ፣ ሻይ የሚሸጡ፣ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ማሽኑ ሩሲያ ሠራሽ ነው፤ ሐውልቱ ግን ሩሲያን ለመክሰስ አልቆመም። የከተማዋ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ የሚከሰው አዛዡን ነው። የሠራውን፣ የሸጠውን፣ ያበረረውንና ያዘዘውን ለይቶ የሚቆጥር ሕዝብ ነው፤ ይህን የማመዛዘን ችሎታ በጣም አከብራለሁ።

መግባባቱ የመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በጁን 1990 ጆርጅ ቡሽና ሚኻይል ጎርባቾቭ አሜሪካ ላይ ሲገናኙ ስለ ኢትዮጵያ የጋራ መግለጫ አወጡ፤ የአሜሪካን ምግብ የሶቪየት አውሮፕላን ወደ አስመራ እንዲያደርስ ተስማሙ። ቃኘው በነበረበት ከተማ! በጃንዋሪ 1991 መጀመሪያ ሞቃዲሾ በተኩስ ስትናጥ የሶቪየት አምባሳደር ከ30 ከሚበልጡ ዜጎቻቸው ጋር አሜሪካ ኤምባሲ ገብተው ተጠለሉ። የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች 281 ሰዎችን ከግቢው ሲያወጡ እነሱንም አብረው አወጡ። ለሠላሳ ዓመት በዚያች አገር አንዱ ሌላውን ሲሰልል የኖሩ ሰዎች በአንድ ሄሊኮፕተር ወለል ላይ ተጠጋግተው ወደ መርከቡ ሄዱ። በዚያ ወር መጨረሻ የንቅናቄው ተዋጊዎች ሐርጌሳ ገቡ፤ በሜይ 18 ቡርዖ ላይ ሶማሊላንድ ነጻነቷን አወጀች። አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት የወረደውም በዚያው ሜይ ነው።

ዕውቀቱ ግን አልጠፋም። ከ2017 እስከ 2024 የሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሙሴ ቢሂ አብዲ ሶቪየት ኅብረት የተማሩ የጦር አብራሪ ነበሩ፤ በኋላ ወደ ንቅናቄው ገቡ። ፕሬዚዳንት ሆነው በ2022 ዋሽንግተን ሄደው ለአገራቸው ዕውቅና ጠየቁ። በ2024 ምርጫ ያሸነፏቸው አብዲረሕማን ሞሐመድ አብዱላሂ ኢሮ ደግሞ ለዓመታት ሞስኮ በሶማሊያ ኤምባሲ ያገለገሉ ዲፕሎማት ናቸው፤ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ እዚያው ነበሩ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው፣ አሜሪካዊ የመሠረተው የአባርሶ ትምህርት ቤት ከ2009 ወዲህ በርካታ ልጆችን ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልኳል። አያቱ ራሺያኛ፣ የልጅ ልጁ የቦስተን እንግሊዝኛ የሚናገርበት ቤት ሐርጌሳ ውስጥ ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው፤ ሞስኮና ኪየቭ ተምረው ኋላ ዋሽንግተን የከተሙ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ሩሲያዊት ሚስቱን ይዞ ቨርጂኒያ የሚኖረው የእኛ ሰው ሁለቱን አገሮች በየቀኑ በአንድ ማዕድ ላይ ያስታርቃል።

ዛሬ ሩሲያና አሜሪካ እንደገና ተራርቀዋል፤ ሁለቱም እንደገና ስለ ቀይ ባሕር ወደቦች ይጠይቃሉ። በ2022 የአሜሪካ የአፍሪካ ዕዝ አዛዥ በርበራ መጥተው ማኮብኮቢያውን ጎብኝተዋል። የተጠየቀው ጥያቄ አሁንም የማኮብኮቢያው ርዝመትና የወደቡ ጥልቀት ነው።

የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ የድሮ ካሴቶችን ሰብስቦ አስቀምጧል፤ ከፍርስራሹ የተረፈ ድምፅ ነው። ያ ማዕከል፣ እንዲሁም የባሕር ዳርና የሐረማያ (የድሮው ዓለማያ) ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዕድሜያቸው ሰባውን ያለፈ መኮንኖችን፣ አብራሪዎችን፣ አስተርጓሚዎችን፣ መካኒኮችንና ነርሶችን ቤታቸው ሄደው ይቅረጹ። የቀሩት ጥቂት ናቸው። ይጠየቁ፦ ሩሲያዊው አለቃህ ሲቆጣ ምን ያደርግ ነበር? አሜሪካዊውስ ሳይስማማ ሲቀር እንዴት ታውቅበት ነበር? ሥራ ሲበላሽ ማን ኃላፊነት ወሰደ? ስለ ሌላው አገር ሰው በጓዳ ምን ይሉ ነበር? አንተስ አንዱን ለሌላው ለማስረዳት ዕድል ቢሰጥህ ከየት ትጀምር ነበር?